«ትምህርት እንደሆነ በነፃ ነው» እና ሌሎች ወሬዎች፦ የኤጀሬ ገበሬ ልጅና በጎ አድራጊዎቹ

አዲስ ዓለምን ብዙ ሰው የሚያውቃት በማርያም ደብሯ፣ አለዚያም ምኒልክ ዋና ከተማ ሊያደርጓት አስበው በመተዋቸው ነው። ለምዕራብ ሸዋው የኤጀሬ ወረዳ ገበሬ ግን ከተማዋ ገበያውና የልጆቹ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ናት። ስለዚህ ገበሬና ስለሚረዱት ድርጅቶች ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን የሚደጋገሙ አባባሎች አሉ። አንዳንዶቹ ግማሽ እውነት ናቸው፤ አስቸጋሪ ያደረጋቸውም ይኸው ነው።

«ትምህርት እንደሆነ በነፃ ነው»

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ያለውን የትምህርት ክፍያ አስቀርቷል። ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ ጫማና መዋጮ ግን ዛሬም ከቤት ይወጣሉ። ከዋጋቸውም ይልቅ ጊዜያቸው ይከፋል። ትምህርት የሚከፈተው በመስከረም ነው፤ ጤፉ ገና ማሳ ላይ ነው፣ ጎተራው ተሟጧል። እህል ተሸጦ ገንዘብ እጅ የሚገባው ከኅዳርና ከታኅሣሥ ወዲያ ሲሆን፣ በእነዚያው ወራት ደግሞ ልጁ ለአጨዳና ለውቂያ ይፈለጋል። ስለዚህ በነሐሴ መጨረሻ የደረሰ አንድ ደርዘን ደብተር፣ በጥር ወር ፎቶግራፍ እየተነሳ ከሚታደል ሙሉ ቦርሳ ይበልጣል።

ከ8ኛ ክፍል በኋላ ነገሩ ይብሳል። ከራቅ ካለ ቀበሌ የሚመጣ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ተዳብሎ ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ይከራያል። ዓርብ በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ እሑድ የሳምንት ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። አዲስ ዓለምም፣ ጊንጪም፣ አምቦም እንዲሁ ነው። ስንቁ ሐሙስ ካለቀ የዓርብ ትምህርት አብሮ አለቀ። የሴት ልጅ አባት «ብቻዋን ኪራይ ቤት አላስቀምጣትም» ሲል ኋላ ቀር ነው ይባላል። ከተማ ያለ አባትስ ልጁን በአሥራ አምስት ዓመቷ ለብቻዋ ያስቀምጣታል? እዚህ ላይ የሚረዳው ተጨማሪ መማሪያ ክፍል አይደለም፤ የሴቶች ማደሪያ ወይም የቤት ኪራይ ድጎማ ነው። እንዲህ ያለው እርዳታ ሪባን ስለማይቆረጥለት ይመስለኛል ለጋሽ የሚያጣው።

«ገበሬው ልጁ ከብት ቢጠብቅለት ይመርጣል»

ታሪኩ ይህን አይደግፍም። በ1950ዎቹ መጨረሻ በስዊድን እርዳታ በየገጠሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲሠሩ፣ የወጪው ግማሽ የሚጠበቀው ከሕዝቡ ነበር፤ ሕዝቡም አዋጥቷል። በቅርብ ዓመታትም ኦሮሚያ ውስጥ ቡኡራ ቦሩ የተባሉት የቅድመ መደበኛ ትምህርት ቤቶች በብዛት የተሠሩት በነዋሪው ጉልበትና መዋጮ ነው። ችግሩ የሰው እጅ ማነስ ነው፤ ሌሎቹ ሲማሩ አንዱ ከብቱን መያዝ አለበት። ትምህርት በፈረቃ በሚሰጥበት ቦታ ወንድምና እኅት ጠዋትና ከሰዓት ተከፋፍለው ሁለቱም ይማራሉ። ወላጁን ስለ ትምህርት ጥቅም ለማስተማር ስብሰባ መጥራት ግን ቀኑን ማቃጠል ነው።

«ሕንፃው ከቆመ ሥራው አለቀ»

ሰዎች ለሰዎች የተባለውን ድርጅት ያቋቋሙት ኦስትሪያዊው ተዋናይ ካርል ሃይንዝ ቦም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1981 በጀርመን ቴሌቪዥን ባቀረቡት ውርርድ ገንዘብ አሰባስበው ወደ ሐረርጌ መጡ። ድርጅቱ በኋላ ምዕራብ ሸዋም ገብቶ በግንደ በረት፣ በአቡነ ግንደ በረትና በዳኖ ሠርቷል። ድርጅቱ ከሚሠራቸው ትምህርት ቤቶች ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ አብሯቸው የሚሠራው ነው፦ የምንጭ ውሃ፣ ጤና ጣቢያ፣ የእርሻ ሥራ። ጠዋት ውሃ ቀድታ የምትመለስ ልጅ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያመልጣታልና፣ ምንጩን ማጎልበት ራሱ የትምህርት ሥራ ነው። ሕንፃውም ሲያልቅ ለመንግሥት ይተላለፋል። መምህር መመደብና ደመወዝ መክፈል የመንግሥት ነው፤ በጎ አድራጊው በሄደ በሦስተኛው ዓመት ክፍሉ ውስጥ አስተማሪ መኖሩን የሚወስነው የመንግሥት በጀት ነው።

ገብቶ መቀመጥም መማር ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገሪቱ በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም።

«ገንዘቡ በመኪናና በአበል ያልቃል» የሚለውን ባጭሩ፦ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ይህ ሌባን ሁሉ አያስቀርም። ቢሆንም ለድርጅቱ የሚቀርበው ጥሩ ጥያቄ «ስንት በመቶ?» ሳይሆን «1ኛ ክፍል ከገቡት ሴቶች ስንቶቹ 8ኛን ጨረሱ?» የሚለው ነው።

«መጽሐፍ መቼም አይከፋም»

በውጭ ያሉ ወገኖቻችን በካርቶን የሚልኩት ብዙ ጊዜ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። የኤጀሬ ገጠር ልጅ አንደኛ ደረጃን የሚማረው በአፋን ኦሮሞ ነው። ኬንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኢኮኖሚስቱ ማይክል ክሬመርና ባልደረቦቹ ለገጠር ትምህርት ቤቶች የመማሪያ መጽሐፍ አድለው ውጤቱን ለኩ። የተጠቀሙት ቀድሞውንም ጎበዝ የነበሩት ብቻ ነበሩ፤ መጽሐፉ የተጻፈበት እንግሊዝኛ ለብዙዎቹ ልጆች ሦስተኛ ቋንቋ ነበርና። ካርቶኑን ከመጫን በፊት ለርዕሰ መምህሩ አንድ ስልክ መደወል አይከብድም። ምናልባት የሚጠይቀው ጠመኔና ለሴቶች መጸዳጃ ቤት የሚሆን መዝጊያ ይሆናል።