አንኳኩቶ መስማት

ወለቃ ላይ እንስራ የምትገዛ የጎንደር እናት ሒሳብ ከመክፈሏ በፊት በጣቷ አንጓ ኳ ኳ ታደርገዋለች። ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ያለበት ግን ድምፁ ይታፈናል። እኔም ቱነል ስመረምር የማደርገው ይህንኑ ነው፤ በጣቴ ፈንታ መዶሻ እይዛለሁ።

የቱነሉ ኮንክሪት ከጀርባው ካለው ዐለት ሲላቀቅ ላዩ ደህና ይመስላል። ሲመታ ግን ዱብ ይላል። ወጣት መሐንዲሶች መዶሻውን ሲንቁት ካየሁ የጃፓኑን የሳሳጎ ቱነል አነሳባቸዋለሁ። በ2012 እ.ኤ.አ. የጣሪያው የኮንክሪት ሰሌዳዎች በመኪኖች ላይ ተደርምሰው 9 ሰዎች ሞቱ። ሰሌዳዎቹን አንጠልጥለው የያዙት የላይኞቹ ብሎኖች ለ12 ዓመታት የታዩት ከታች ሆኖ በዓይን ብቻ ነበር። ቀርቦ የመታቸው ሰው አልነበረም። ይህን ታሪክ በተናገርኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ዘመናዊዎቹን መሣሪያዎች አልጠላም፤ የት ማንኳኳት እንዳለብኝ የሚጠቁሙኝ እነሱ ናቸው። ራዳር በደረቅ ኮንክሪት ውስጥ የሚልከው ሞገድ በአንድ ናኖ ሰከንድ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ኮንክሪቱ ውኃ ሲጠጣ ሞገዱ ይዘገያል፣ ይዳከማልም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን በነሐሴ የለካሁትን ግድግዳ በበጋው ፍጥነት አሰላሁትና ከእውነተኛ ውፍረቱ በላይ አድርጌ ጻፍኩ። ስሕተቴን ያወቅሁት አንድ ቀዳዳ በስተን ስናይ ነው። ስሱን ወፍራም የሚያሰኝ ስሕተት ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው።

የኮንክሪትን ጥንካሬ የሚለካው፣ በሞላ የሚሠራው ሽሚት ሀመርም እንዲሁ ልክን ማወቅ ይፈልጋል። የሚነግረን ስለ ላይኛው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። እንደ ጣርማ በር ባለ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን በተሠራ ቱነል ውስጥ፣ አየሩ በዘመናት ብዛት የኮንክሪቱን ገጽ አጠንክሮት ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ውስጡ ግን ሌላ ነው።

ወደ ከተማችን ወደ ጎንደር ስመለስ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። በፋሲል ግቢ ግንቦች ላይ ሽሚት ሀመር ቢያሳርፉ መልስ የሚሰጠው ጥቁር ድንጋዩ ነው፤ ግንቡን አያይዞ ያቆመው ኖራ ግን አይጠየቅም። እርጥበት የሚያጠቃው፣ ክረምት ከበጋ የሚታጠበው እሱ ሆኖ ሳለ! በወረራው ዘመን በሲሚንቶ የተጠገነ ቦታማ ጨርሶ ያሳስታል፤ ሲሚንቶው ጠንካራ ድምፅ እየሰጠ እርጥበቱን ከኋላው አፍኖ ይይዛል። እዚህ የብረት መዶሻዬን አስቀምጬ በእንጨቱ ቀስ ብዬ እነካለሁ። እያንዳንዱን ነጥብ ንድፉ ላይ አሰፍራለሁ፤ በግንቦት ያዳመጥኩትንም ዝናቡ ሲያባራ፣ በመስከረም፣ እዚያው ቆሜ ደግሜ አዳምጣለሁ።