ያውቁ ኖሯል? የሽቶ ምርጫዎ ስለ እርስዎ ይናገራል

• ሚሊንስኪ እና ቬደኪንድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም የሚመሩ ተመሳሳይ ዘረመሎች ያሏቸው ሰዎች ለራሳቸው የሚመርጡት መዓዛም ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል።

• እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ሌላ ጥናት፣ በብብት ሥር የቆየ ጥጥ እየተሸተተ ነጥብ ተሰጠው። ሰው ራሱ የመረጠው ሽቶ ከገላው ጠረን ጋር ሲዋሃድ፣ ሌሎች ከሰጡት ሽቶ ይልቅ ደስ የሚል ሆነ።

• ጠረን ስሜትና ትዝታ ወደሚስተናገዱበት የአንጎል ክፍል የሚደርሰው ከድምፅና ከምስል ባጠረ መንገድ ነው።

• ሽቶ ከገላ ጠረን ጋር ስለሚዋሃድ፣ ሲገዙ በወረቀት አሽትተው ብቻ አይወስኑ። የእጅዎ አንጓ ላይ ይቀቡትና ጥቂት ቆይተው ያሽትቱት፤ በጓደኛዎ ያማረው ለእርስዎ ገላ ላይስማማ ይችላል።