በዱላ የሚሸለም ጓንት

እ.ኤ.አ. በ1999 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ራፋኤል ፓልሜሮ ለቴክሳስ ሬንጀርስ ቤዝቦል ቡድን ከ150 በላይ ጨዋታ ተሰለፈ። በ128ቱ ሥራው መምታት ብቻ ነበር፤ ጓደኞቹ ለመከላከል ሜዳ ሲወጡ እሱ የተጠባባቂዎች ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል። ጓንት አጥልቆ አንደኛውን ቤዝ የጠበቀው በ28 ጨዋታ ብቻ ነው። የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ የአሜሪካን ሊግ አሠልጣኞች የዓመቱን ምርጥ የአንደኛ ቤዝ ተከላካይ መረጡ። ፓልሜሮን መረጡ።

ሽልማቱ ወርቃማው ጓንት ይባላል። በ1957 የጀመረው ሮውሊንግስ የተባለው የሴንት ሉዊስ የስፖርት ዕቃ አምራች ሲሆን፣ ኩባንያው ጓንት ሻጭ ስለሆነ ሐሳቡ ከገበያ ጋር ያለውን ዝምድና መገመት አያስቸግርም። የመጀመሪያው ዓመት ሽልማት ለሁለቱም ሊጎች በአንድነት የተሰጠ ነበር፤ ከ1958 ወዲህ አሜሪካን ሊግና ናሽናል ሊግ የየራሳቸውን ተሸላሚዎች ይመርጣሉ። በቤዝቦል የሚከላከለው ቡድን ዘጠኝ ሰው ያሰልፋል፤ ሽልማቱም ለየቦታው ይሰጣል።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው፣ የተከላካዩ ሥራ ባጭሩ ይህ ነው። መቺው ኳሷን በዱላ ሲመታ ተከላካዩ መሬት ሳትነካ ይቀልባታል፤ መሬት ለመሬት ከመጣችም አንሥቶ፣ ሯጩ ቤዙ ላይ ከመድረሱ በፊት እዚያ ለቆመው ጓደኛው ይወረውራል። መምታት ነጥብ ያመጣል፤ ስታዲየሙን ከመቀመጫው ያስነሣል፤ ጋዜጣ ላይ በቁጥር ተጽፎ ይወጣል። የተከላካይ ሥራ ግን ነጥብ ማስቀረት ነው፤ ያልገባ ነጥብ ደግሞ ሰሌዳ ላይ አይጻፍም። የወርቃማው ጓንት ዓላማ ይህን ተደብቆ የቀረ ሥራ ማክበር ነበር። ስለዚህም ነው ከ1999 በኋላ የፓልሜሮ ስም በየክርክሩ የሚነሣው። በዚያ ዓመት 47 ሆም ረን (ከሜዳው አጥር በላይ የሚያልፍ ምት) መቷል። ሽልማቱን ያሸነፈለት ጓንቱ ሳይሆን ዱላው ነው የሚለውን ክስ ለማስተባበል የሞከረ ሰው ብዙ አይደለም።

እዚህ ላይ ከአድልዎ ይልቅ ልማድ የሚለው ቃል ሳይቀርብ አይቀርም። ፓልሜሮ በ1997 እና በ1998 ይህንኑ ሽልማት ወስዶ ነበር፤ ያኔ በየቀኑ ሜዳ ላይ ነበር። መራጮቹ በሦስተኛው ዓመት ቅጹ ሲደርሳቸው የሚያውቁትን ስም ጻፉ።

መራጮቹ እነማን ናቸው? መጀመሪያ ጋዜጠኞች ነበሩ፤ ቀጥሎ ተጫዋቾቹ ራሳቸው፤ ከ1965 ጀምሮ ደግሞ ዋና አሠልጣኞችና ረዳቶቻቸው። ሁለት ደንብ አለባቸው፦ ድምፅ የሚሰጡት በራሳቸው ሊግ ላሉ ተጫዋቾች ነው፤ የራሳቸውን ቡድን ሰው መምረጥ ደግሞ አይችሉም። በወረቀት ላይ ሲታይ ከዚህ የተሻለ ዳኛ አይገኝም። ዕድሜያቸውን በዚህ ሜዳ የጨረሱ ሰዎች ናቸው፤ የራስን ወገን የማንሣት ፈተናም ተዘግቶባቸዋል።

ችግሩ ግን ከዚሁ ደንብ ይወለዳል። አሠልጣኙ በዓመት 162 ጨዋታ ከልቡ የሚከታተለው የራሱን ቡድን ነው፤ እነሱን እንዳይመርጥ ተከልክሏል። መምረጥ ያለበት አልፎ አልፎ ብቻ ያያቸውን ነው። ያን ጊዜም ዓይኑ የሚያርፈው በራሱ ወርዋሪ ትከሻ ላይና ቀጥሎ በሚገባው መቺ ላይ እንጂ፣ የተጋጣሚው ተከላካይ ኳሷ ከመመታቷ በፊት ሁለት እርምጃ ወደ ግራ መጠጋቱ ላይ አይደለም። ቅጹ ሲመጣ ታዲያ የሚቀረው ትዝታ ነው። ትዝታ ደግሞ ታዋቂውን፣ አምና ያሸነፈውንና በቴሌቪዥን ደጋግሞ የታየውን ያስቀድማል።

የልማድን ጉልበት ለማየት ከጂም ካት የተሻለ ምሳሌ የለም። ካት ወርዋሪ፣ ማለትም ኳሷን ለመቺው የሚወረውረው ተጫዋች ነበር፤ ከ1962 እስከ 1977 ድረስ 16 ወርቃማ ጓንት በተከታታይ ወሰደ። በወጣትነቱ በእውነት ቀልጣፋ ተከላካይ እንደነበር የሚክድ የለም። በ1969 ግን 8 ስህተት ሠራ፤ ወደ እሱ ከመጡት ኳሶች በትክክል ያስተናገደው 82.6 በመቶውን ብቻ ነበር፤ ለሜጀር ሊግ ይህ የሚያሳፍር ውጤት ነው። ሽልማቱ ግን ቤቱን አልሳተም።

የካትን ዓመት የሚያጋልጠው የስህተት ቆጠራ ራሱ ግን ጎደሎ ሚዛን ነው። ስህተት የሚመዘገበው ተከላካዩ የደረሰባትን ኳስ ሲያበላሽ ነው። ያልደረሰባት ኳስ በአጠገቡ አልፋ ብትሄድ መዝገቡ ላይ ምንም አይጻፍበትም። በእግር ኳስ፣ ቦታውን አስተካክሎ የቆመ ግብ ጠባቂ ኳሷን ሳይዘል ደረቱ ላይ ሲያቅፋት ማንም አያጨበጭብም፤ ዘግይቶ የነቃው ግን በአየር ላይ ተንሳፍፎ በጣቱ ጫፍ ሲያወጣት ፎቶግራፉ በማግስቱ ይታተማል። በቤዝቦልም ሰነፍ እግር ያለው ተከላካይ ንጹሕ መዝገብና ያማረ ፎቶ ይዞ ጡረታ ሊወጣ ይችላል፤ ሩቅ የሚደርሰው ደግሞ ማንም ያልሞከራትን ኳስ ነክቶ በመጣሉ ስህተት ይጻፍበታል።

ክርክሩን የሚያሞቀው የኒውዮርክ ያንኪስ የቀድሞ አምበል ዴሪክ ጂተር ነው። ጂተር የሚጫወተው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል፣ ሾርትስቶፕ በሚባለው ከሁሉም በሚከብደው የውስጥ ሜዳ ቦታ ላይ ነበር። በጥቅምት 2001 ኦክላንድ ላይ በተደረገ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ከቦታው እጅግ ርቆ መጥቶ፣ ሳታ የመጣችውን ኳስ በሩጫ ላይ እያለ ወደ ጎን አሻግሮ የኦክላንዱ ጄረሚ ጂያምቢ ነጥብ እንዳያስገባ አደረገ። በሐምሌ 2004 ከቦስተን ሬድ ሶክስ ጋር ሲጫወቱ ደግሞ ኳስ ተከትሎ ተመልካቾች መሐል ዘሎ ገባና ፊቱ በደም ተነክሮ ወጣ። የመጀመሪያውን ወርቃማ ጓንት ያገኘው በዚያው በ2004 ነው። በ2005፣ በ2006፣ በ2009 እና በ2010 ጨመረበት።

በ2006 ጆን ዴዋን የተከላካዮችን ሥራ በዝርዝር የሚመዝን መጽሐፍ አሳተመ፤ የእሱ ሰዎች እያንዳንዷ የተመታች ኳስ የት እንደወደቀችና ማን ሊደርስባት ይገባ እንደነበር በፊልም እያዩ መዝግበው ነበር። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የቤዝቦል ስታቲስቲክስ ሊቅ ቢል ጄምስ ጂተርን ከሂውስተን አስትሮሱ አዳም ኤቨሬት ጋር አነጻጸረ። ፍርዱ ጂተርን የሚያሞግስ አልነበረም፤ ብዙ ኳስ ይደርስ የነበረው ኤቨሬት ነው። የያንኪስ ደጋፊዎች፣ ጄምስ ያን ጊዜ የሬድ ሶክስ አማካሪ መሆኑን ማንሣታቸው አልቀረም፤ ማንሣታቸውም ተገቢ ነው። ግን ከእሱ ጋር የማይነካካ ስሌት የያዙ ሌሎችም ወደዚያው ድምዳሜ መጡ።

ኤቨሬት በዚያ ዓመት የመምታት አማካዩ 0.239 ነበር፤ ደካማ ነው። የናሽናል ሊግ አሠልጣኞች ወርቃማውን ጓንት ለኦማር ቪዝኬል ሰጡት። ቪዝኬል ሽልማቱን ሲወስድ 11ኛው ነው፤ ይገባው የነበረ ትልቅ ተከላካይም ነው፤ ያን ጊዜ ግን ዕድሜው 39 ነበር። ዴዋን በዚያው ዓመት የጀመረው ተፎካካሪ ሽልማት ለኤቨሬት ደረሰ። ኤቨሬት ወርቃማ ጓንት ሳይነካ ጨዋታ አቆመ። የጂተር የመጨረሻው ጓንት የመጣው በ36 ዓመቱ ነበር፤ በ2010 የሠራው ስህተት 6 ብቻ መሆኑ ለመራጮቹ በቂ ማስረጃ ሆኖ ታያቸው። ይህን ሁሉ ለኒውዮርክ በመወገን ማስረዳት ይቀልላል። ግን ካት የሚጫወተው ለሚኒሶታ፣ ፓልሜሮም ለቴክሳስ ነበር፤ ስለዚህ ነገሩ ከከተማው ስም ሰፋ ያለ ነው።

ጉዳዩ ከኩራት ያለፈ በመሆኑ ጩኸቱ ሰሚ ማግኘቱ አልቀረም። የብዙ ተጫዋቾች ውል ወርቃማ ጓንት ላገኘ ጉርሻ ያስቀምጣል፤ ወደ ኩፐርስታውኑ የቤዝቦል ዝና አዳራሽ ለመግባትም የጓንት ቆጠራ ይረዳል። ከ1961 እስከ 2010 ድረስ የውጭ ሜዳውን ሦስት ሽልማት ከየትኛውም ጎን የመጡ ሦስት ሰዎች ሊወስዱት ይችሉ ስለነበር ብዙውን ጊዜ የመሀል ተከላካዮች ይጠቀልሉት ነበር። በ2011 ግራ፣ መሀልና ቀኝ ተለያዩ። በ2013 ደግሞ የአሜሪካ ቤዝቦል ጥናት ማኅበር የሚያዘጋጀው የመከላከል መለኪያ ከምርጫው ሩብ ያህሉን ድርሻ እንዲይዝ ተወሰነ። ሦስት አራተኛው አሁንም በአሠልጣኞቹ እጅ ነው።

ቁጥር ብቻውን ቢፈርድ ምን ይፈጠር እንደነበር ያሳየው 2020 ነው። በኮሮና ምክንያት ውድድሩ ወደ 60 ጨዋታ አጠረ፤ ቡድኖቹም የተጫወቱት በየአካባቢያቸው ካሉት ጋር ብቻ ስለነበር አንድ አሠልጣኝ የሊጉን ግማሽ እንኳ በዓይኑ አላየም። ድምፅ መስጠቱ ቀረና መለኪያው ብቻውን መረጠ። የአሜሪካን ሊግ የአንደኛ ቤዝ ጓንት ለሲያትል ማሪነርስ ጀማሪ ለኢቫን ዋይት ደረሰ። ዋይት በዚያ ዓመት የመምታት አማካዩ 0.176 ነበር፤ ከፓልሜሮ ፍጹም ተቃራኒ የሆነ ተሸላሚ። ይሁን እንጂ 60 ጨዋታ ለመከላከል መለኪያ አጭር ነው። የመለኪያዎቹ ባለቤቶች ራሳቸው አንድ ሙሉ ዓመት እንኳ ለጽኑ ፍርድ እንደማይበቃ ይናገራሉ፤ ሁለት መለኪያዎች አንዱን ተጫዋች አንዱ ሲያነሣው ሌላው ሲጥለው ማየትም የተለመደ ነው።

“በደንብ የመታ ጓንት ይወስዳል” የሚለውም ክስ ሁልጊዜ አይሠራም። በ2012 የ20 ዓመቱ ማይክ ትራውት ለሎስ አንጀለስ ኤንጅልስ 30 ሆም ረን መታ፤ አማካዩ 0.326 ደረሰ፤ በዚያ ላይ በሰኔ ወር ባልቲሞር ላይ ከአጥሩ በላይ ዘሎ የጄ ጄ ሃርዲን ሆም ረን መለሰ። የዴዋን ሽልማት ምርጡ የመሀል ሜዳ ተከላካይ እሱ ነው አለ። አሠልጣኞቹ ግን በ2009 አንድ ጊዜ የሸለሙትን የባልቲሞሩን አዳም ጆንስን መረጡ። ዱላውም ቁጥሩም ከትራውት ጋር ሆነው ሳለ ያሸነፈው የታወቀው ስም ነው። ትራውት ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሏል፤ ወርቃማ ጓንት ግን አላገኘም። በቀጣዩ ዓመት መለኪያዎቹም ዝቅ ያለ ነጥብ ስለሰጡት፣ ተሟጋቾቹ እየጠቀሱ የሚከራከሩበት የ2012ቱን ምርጫ ነው።