የመድረክ ላፕቶፕና የሙስካት ሐሩር

ሙስካት ከፊቷ የኦማን ባሕር፣ ከኋላዋ የሐጀር ተራሮች ጥቁር ዐለት ስለ ከበቧት፣ ዐለቱ በቀትር የተቀበለውን ሐሩር በሌሊት ሲመልስ፣ ባሕሩም እርጥበቱን ሲጨምርበት፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ እንኳ ወበቁ የማይለቃት ከተማ ናት። በዚሁ በሙስካት ግዛት ሥር ባለችው የጠረፍ ከተማ በቁረያት፣ እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 2018፣ ሙቀቱ መዓልቱንም ሌሊቱንም ከ42.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሳይወርድ መዋሉና ማደሩ በዓለም ተሰምቶ ነበር። በእንዲህ ያለ አየር ውስጥ፣ በሆቴል ግቢ ወይም በቁርም ባሕር ዳርቻ ለሠርግና ለበዓል የሚጫወት ሙዚቀኛ፣ ከድምፁና ከጣቱ ቀጥሎ ሊያስብለት የሚገባው ባልንጀራ ላፕቶፑ ነው።

የዚህ መሣሪያ ግብር ዛሬ በመድረክ ላይ ብዙ ነው፤ የኪቦርዱን ድምፅ ያወጣል፣ የከበሮውን ምት ይጠብቃል፣ ማጀቢያውን ያጫውታል። ስሌቱን የሚፈጽመው ፕሮሰሰር የሚወስደው ኤሌክትሪክ በመጨረሻ ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ፣ በላዩ የተጋደመው የመዳብ ቧንቧ፣ በውስጡ ያለው ጥቂት ፈሳሽ እየተነነና እየቀዘቀዘ፣ ሙቀቱን ወደ ስስ የብረት ክንፎች ያደርሰዋል፤ ማራገቢያውም አየር እየሳበ ከክንፎቹ ላይ ያባርረዋል። ነገር ግን ማራገቢያ በዙሪያው ያለውን አየር ከማዘዋወር በቀር ብርድን የመፍጠር ሥልጣን የለውም፤ አፕል ለላፕቶፖቹ የወሰነው የአየር ሙቀት ከ10 እስከ 35 ዲግሪ መሆኑን ያነበበ ሰው፣ የሙስካት የበጋ ሌሊት ለዚህ ወሰን ምን ያህል እንደሚቀርብ፣ አንዳንዴም እንደሚያልፈው፣ ሳይነገረው ይረዳል።

የፕሮሰሰሩ ሙቀት ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ፣ ራሱን ከጥፋት ለማዳን ሲል ፍጥነቱን ይቀንሳል። ደብዳቤ ለሚጽፍ ሰው ይህ መዘግየት አይታወቀውም፤ በሙዚቃ ግን አንዱ ሰከንድ በ44,100 የድምፅ ናሙና የተከፈለ ስለ ሆነ፣ ማሽኑም ብዙ ጊዜ 256ቱን ናሙና አንድ ሰከንድ ለሺሕ ተከፍሎ 6 እጅ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ማስረከብ ስለሚገባው፣ በማኅሌት ቆሞ ጸናጽሉ ከከበሮው የዘገየበት ደብተራ ያለፈውን ምት ተመልሶ ሊመታው እንደማይቻለው ሁሉ፣ የዘገየ ናሙናም ዋጋ የለውም፤ በምትኩ ከድምፅ ማጉያው የሚሰማው መንጣጣት ነው። እንግዲህ በመድረክ ላይ የሙቀት ነገር የጊዜ ነገር ነው።

ስለዚህ አስተዋይ ሙዚቀኛ ላፕቶፑን በጠረጴዛ ልብስ ላይ አያሳርፍም፤ በማስቀመጫ ከፍ አድርጎ ለሥሩ መተንፈሻ ይሰጠዋል፣ ከምዕራብ ፀሐይና ከመድረክ መብራት ያርቀዋል፣ የአሸዋውንም ብናኝ ከማራገቢያው ላይ አስቀድሞ ያስጠርጋል። ባትሪ መሙላትም ራሱ ሙቀት ስለሚወልድ፣ ሞልቶ ይመጣል።

ሐሩር ብቻም አይደለም፤ በሙስካት ብርድም ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2011 እንደ ተከፈተው የንጉሣዊው ኦፔራ ቤት ባለ በቀዘቀዘ አዳራሽ ውስጥ የሚጫወት ሰው ጭንቀቱ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ከቀዝቃዛ ክፍል ወይም ከመኪና ወጥቶ በእርጥቡ ሌሊት ወዲያው የተከፈተ ላፕቶፕ፣ መነጽር እንደሚጋረድ ሁሉ በላዩ ጤዛ ይቋጥራል፤ በቦርሳው ውስጥ እንደ ተዘጋ ከውጭው አየር ጋር እስኪስማማ መታገሥ ይገባል።

የቀረው የሥርዓት ነገር ነው፤ ዋይፋዩንና የዝማኔውን ጥሪ መዝጋት፣ የማይለወጡትን ድምፆች አስቀድሞ ቀርጾ ስሌቱን ማቃለል፣ ማሽኑ በአንድ ጊዜ የሚያስረክበውን የናሙና ቋት ጥቂት ማስፋት፣ ማጀቢያውንም በሌላ መሣሪያ ላይ በመጠባበቂያ መያዝ። ከሁሉ በላይ ግን ሙቀት ቀስ በቀስ የሚጠራቀም ነውና፣ በቀዘቀዘ ክፍል ሁለት ዘፈን ብቻ አጫውቶ ማሽኑን ማመን አይገባም፤ ልምምዱ በዚያው ሥፍራ፣ በዚያው ሰዓት፣ ሙሉው ትርኢት እስኪፈጸም ድረስ ሲደረግ ብቻ የላፕቶፑ ታማኝነት ይታወቃል።