ከትምህርቱ በኋላ ስለሚደረግ ንግግር

በማኅበራችን ጉባኤ ደጋግመን ያየነው ነገር አለ። ጉዳዩ ሲነበብ ሁላችን ዝም እንላለን፤ አባቶች ሲወስኑ «ይሁን» ብለን እንነሣለን። ከዚያ በኋላ ግን በግቢው ጥላ ሥር፣ በጉባኤ ያልተነገረው ሁሉ ይነገራል። የውኃ ማጠራቀሚያው ጥገና ሁለት ዓመት የዘገየው በዚሁ ነው። ሐሳብ የነበራቸው ብዙዎች ነበሩ፤ በጉባኤ ፊት ያወጣው ግን አንድም አልነበረም።

ይህ ቢያሳስበን የማኅበር ኑሮ አባት ወደሆነው ወደ አባ ጳኩሚስ ሥርዓት ተመለስን። ሥርዓቱ በጥንት ዘመን ወደ ግእዝ የተተረጐመ ስለሆነ ለአባቶቻችን እንግዳ አልነበረም። በላይኛው ግብጽ በጠበኒሲ በተጀመረው ማኅበር መነኮሳቱ በየቤቱ ተከፍለው ይኖሩ ነበር፤ ለእያንዳንዱም ቤት አለቃ ነበረው። አለቃው በጾም ቀናት ያስተምራል። ወንድሞችም የሰሙትን እርስ በርሳቸው እንዲነጋገሩበት ሥርዓቱ ያዝዛል። ልብ እንበል፤ ፈቃድ ሳይሆን ትእዛዝ ነው። ትናንት የገባው ወንድም እንኳ በሺህ ሰው ፊት ሳይሆን አብረውት በሚሠሩትና በሚያድሩት መካከል፣ በየሳምንቱ መናገርን ይለምዳል።

ታላቁ ጉባኤ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በፋሲካና በነሐሴ ይደረግ ነበር። በነሐሴ የየገዳማቱ አለቆች የሥራቸውን ሒሳብ ያቀርባሉ፤ ሹመት ይሰጣል፤ የተቀያየሙም ይቅር ይባባላሉ። ሒሳብንና ዕርቅን በአንድ ጉባኤ ያደረገ ሰው የመነኮሳትን ጠባይ በሚገባ ያውቅ ነበር ማለት ነው!

ብርቱው ፈተና የመጣው እ.ኤ.አ. በ346 አባ ጳኩሚስ በወረርሽኝ ሲያርፍ ነው። የተካው ጴጥሮንዮስም ብዙ ሳይቆይ ዐረፈ። በአባ ሖርሲስዮስ ዘመን አንድ የገዳም አለቃ ገዳሙን ከማኅበሩ ሊለይ ተነሣ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ሖርሲስዮስ ሹመቱን አጥብቆ አልያዘም፤ ለአባ ቴዎድሮስ ለቀቀ። ቴዎድሮስም አንድነቱን መለሰ፤ አለቆቹንም በየጉባኤው ከገዳም ወደ ገዳም ያዛውር ነበር። ሥርዓቱ ጠብን አላስቀረም፤ የተጣሉት ተመልሰው የሚቀመጡበትን ቦታ ግን አላጡም።

እኛም ከመጪው ረቡዕ ጀምሮ፣ ከትምህርቱ በኋላ አምስት አምስት ሆነን እንቀመጣለን። የመጀመሪያው ጉዳይ የማጠራቀሚያው ጥገና ሲሆን፣ በየክፍሉ በምንኵስና ታናሽ የሆነው አስቀድሞ ይናገራል። ለመሳለም የመጣችሁ ወንድሞችና እኅቶችም ውኃውን ከእኛ ጋር ትጠጣላችሁና፣ በመካከላችን እንድትቀመጡ በትሕትና እንለምናለን።