ኃይለኛ የሌዘር ብርሃን አቶምን አዮን የሚያደርግበት መንገድና ከሞራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ለሚመጣ ብዥታ ያለው ጥቅም

መግቢያ

እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው ጥናት መሠረት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ (49.9 በመቶ) ለዓይነ ስውርነት የተዳረገው በዓይን ሞራ ግርዶሽ ነበር። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል፤ ብዙዎችም በዚህ መንገድ ብርሃናቸው ተመልሶላቸዋል። ይሁን እንጂ ከታከሙት መካከል አንዳንዶቹ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ «ሞራው ተመልሶ መጣብኝ» ብለው ወደ ጤና ተቋም ይመለሳሉ። በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉት የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ወረዳዎች፣ ማለትም በቦረና፣ በወግዲ፣ በሳይንትና በለጋምቦ የሚሠራ የጤና ባለሙያ ይህን ቃል ሲሰማ ምን ሊያደርግ ይገባል? መልሱን በሚገባ ለመረዳት ብርሃን አቶምን እንዴት እንደሚሰብር ማወቅ ይጠቅማል።

ብርሃን ኤሌክትሮንን የሚነጥቅባቸው መንገዶች

አቶም ወይም ሞለኪውል ኤሌክትሮን ሲነጠቅ አዮን ሆነ ይባላል። የሃይድሮጅን አቶም ብቸኛ ኤሌክትሮኑን እንዲለቅ 13.6 ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያስፈልጋል። በዓይን ሕክምና የታወቀው ያግ ሌዘር የሚያመነጨው ግን የሞገድ ርዝመቱ 1064 ናኖ ሜትር የሆነ ለዓይን የማይታይ ብርሃን ሲሆን፣ የአንዱ ፎቶን ጉልበት 1.17 ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ፎቶን ብቻውን ምንም ዓይነት አቶም አዮን ሊያደርግ አይችልም። ብርሃኑ እጅግ ሲበረታ ግን ሦስት መንገዶች ይከፈታሉ።

የመጀመሪያው የብዙ ፎቶኖች ኅብረት ነው። አንድ ሰው ብቻውን የማያነሣውን ግንድ ስድስት ሰዎች በአንድ ቅጽበት ቢይዙት እንደሚነሣ ሁሉ፣ ብዙ ፎቶኖች በአንድነት ሲደርሱ ኤሌክትሮኑን ያስለቅቁታል። የውሃ ሞለኪውልን በያግ ሌዘር አዮን ለማድረግ ቢያንስ ስድስት ፎቶኖች ያስፈልጋሉ። አንድ አቶም ሁለት ፎቶኖችን በአንድ ጊዜ ሊቀበል እንደሚችል ማሪያ ጎፐርት ማየር በንድፈ ሐሳብ ያሳየችው እ.ኤ.አ. በ1931፣ የመጀመሪያው ሌዘር ከመሠራቱ ከ29 ዓመት በፊት ነበር።

ሁለተኛው ሾልኮ መውጣት ነው። ብርሃን የኤሌክትሪክ መስክ አለው፤ መስኩ የአቶሙን መስክ ወደ መገዳደር ሲቃረብ ኤሌክትሮኑን ያጠረው ግድግዳ ይሳሳል፤ ኤሌክትሮኑም በውስጡ ሾልኮ ይወጣል። ኬልዲሽ የተባለው የሶቪየት የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1964 የመጀመሪያውና ሁለተኛው መንገድ የአንድ ክስተት ሁለት ገጽታዎች መሆናቸውን አስረድቷል። ለሁለተኛው መንገድ የሚፈለገው የብርሃን ጥንካሬ በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ወደ 100 ትሪሊዮን ዋት ይጠጋል። ሞለኪውል በዚህ መስክ ብዙ ኤሌክትሮኖችን በአንድ ጊዜ ካጣ፣ የቀሩት አወንታዊ አዮኖች እርስ በርስ ተገፋፍተው ሞለኪውሉ ይፈነዳል።

ሦስተኛው ናዳ ነው። በመጀመሪያው መንገድ የተለቀቁ ጥቂት ኤሌክትሮኖች ከሌዘሩ መስክ ጉልበት እየወሰዱ ይፈጥናሉ፤ ከሌሎች ሞለኪውሎች ጋር ሲጋጩም አዲስ ኤሌክትሮን ያስለቅቃሉ። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እየሆኑ 30 ጊዜ ቢባዙ ቁጥራቸው ከአንድ ቢሊዮን ያልፋል። ውጤቱ ፕላዝማ የሚባለው የኤሌክትሮኖችና የአዮኖች ግለት ነው። ይህ ፕላዝማ ከደም ፕላዝማ ጋር ከስሙ በቀር ግንኙነት የለውም።

በዓይን ውስጥ የሚሆነው

በቀዶ ሕክምና የተወገደ ሞራ ተመልሶ አይመጣም፤ የደበዘዘው ሌንስ ወጥቷልና። የሚደበዝዘው ሰው ሠራሽ ሌንሱን እንዲይዝ ሆን ተብሎ የተተወው የኋላ ሽፋን ነው። በከረጢቱ ጠርዝ የቀሩ ሕዋሳት ተራብተው ሽፋኑን ያለብሱታል። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ የብዙ ጥናቶች ድምር ትንታኔ በአምስት ዓመት ውስጥ ይህ ሁኔታ ከታከሙ ዓይኖች በ28 በመቶ ያህሉ እንደሚታይ አመልክቷል።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በፓሪስ ዳንዬል አሮን ሮዛ፣ በበርን ደግሞ ፍራንዝ ፋንክሃውዘር ይህን ሽፋን ያለ ቢላዋ መክፈት ጀመሩ። የአንዱ የሌዘር ምት ጉልበት አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ጁል ነው። አንድ ሚሊ ጁል አንድ ግራም ጤፍ በአሥር ሳንቲ ሜትር ከፍ ለማድረግ ብቻ የሚበቃ ነው። ነገር ግን ይህ ጉልበት በጥቂት ቢሊዮንኛ ሰከንድ ውስጥ፣ ስፋቱ አሥር ማይክሮ ሜትር ያህል በሆነ ነጥብ ላይ ሲያርፍ፣ ጥንካሬው በካሬ ሳንቲ ሜትር ከ200 ቢሊዮን ዋት ይበልጣል። ይህ ለሁለተኛው መንገድ አይበቃም፤ ናዳውን ለማስነሣት ግን ይበቃል። የተፈጠረው ፕላዝማ በድንገት ሲስፋፋ የግፊት ሞገድና አረፋ ያስነሣል፤ ሽፋኑም ይቀደዳል።

ወሳኙ ነገር ጉልበቱ ሳይሆን ጥግግቱ ነው። ከነጥቡ በፊትም ሆነ በኋላ ጨረሩ ሰፊ ስለሆነ ናዳው አይነሣም፤ ፕላዝማው ራሱም ቀሪውን ብርሃን በከፊል ይጋርዳል። ስለዚህ ኮርኒያውና ሬቲናው ይጠበቃሉ። ሐኪሙ ነጥቡን ከሽፋኑ ጥቂት ወደ ኋላ የሚያሳርፈውም ሰው ሠራሽ ሌንሱ እንዳይጫር ነው። ዶና ስትሪክላንድና ዤራር ሙሩ እ.ኤ.አ. በ1985 ባቀረቡት፣ በ2018ም የኖቤል ሽልማት ባስገኘላቸው ዘዴ የሌዘር ምትን ይበልጥ ማሳጠር በመቻሉ፣ ዛሬ ለኮርኒያ ቀዶ ሕክምና በሚያገለግሉ ሌዘሮች ከዚህ እጅግ ባነሰ ጉልበት ተመሳሳይ ውጤት ይገኛል።

ለደጋው ሕመምተኛ

መካነ ሰላም ከደሴ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ያግ ሌዘር ደግሞ በሁሉም ሆስፒታል የሚገኝ መሣሪያ አይደለም። ስለሆነም የመጀመሪያው የጤና ባለሙያ ውሳኔ ትልቅ ክብደት አለው። ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ቀስ በቀስ ሕመም የሌለው ብዥታ ሲያጋጥመው የማየት አቅሙ ይለካ፤ በኦፍታልሞስኮፕ ቀዩ ነጸብራቅ መደብዘዙ ይታይ፤ ከዚያም ወደ ዓይን ሐኪም ይላክ። ግላኮማና የሬቲና በሽታም ተመሳሳይ ብዥታ ሊያስከትሉ ስለሚችሉ ያለ ምርመራ መደምደም አይገባም። ቅላትና ሕመም ካለ ግን በአስቸኳይ ሊላክ ይገባል።

ሌዘሩ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የዓይን ውስጥ ግፊት ሊጨምር ስለሚችል፣ ከሩቅ የመጣ ታካሚ ግፊቱ ዳግም ሳይለካ ወደ መኪና መናኸሪያ እንዲሄድ ሊደረግ አይገባም። አልፎ አልፎም ሬቲና ሊላቀቅ ይችላል። ብልጭታ፣ በድንገት የበዙ ተንሳፋፊ ነጠብጣቦች ወይም እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ካየ ሳይውል ሳያድር እንዲመለስ ለታካሚውና ለአስታማሚው በግልጽ ይነገር።

ማጠቃለያ

ከሞራ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣ ብዥታ የዕድሜ ዕዳ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። በትክክለኛው ነጥብ ላይ የተጠራቀመ ጥቂት ብርሃን ሊገፈው የሚችል ነው። «ከእንግዲህ ምንም አይደረግልዎትም» ተብለው ወደ ቤታቸው የሚሸኙ አዛውንት ግን ይህን ዕድል ሳያገኙ ሊቀሩ ይችላሉና፣ ይህ ቃል ያለ በቂ ምርመራ ከባለሙያ አንደበት ሊወጣ አይገባም።