ረጅም አሽከርካሪና የስፖርት መቀመጫ፦ ከመግጠም በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ90 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ሰው በትንሽ አውቶሞቢል ሲቀመጥ ብዙ ጊዜ ጭንቅላቱ ጣሪያውን፣ ጉልበቱም መሪውን ይነካል። ይህን ችግር ለማቃለል የፋብሪካውን መቀመጫ አስወጥተው የስፖርት መቀመጫ የሚያስገጥሙ አሽከርካሪዎች አሉ። ሥራው ጥቂት ብሎን ፈትቶ እንደ ማሰር ቀላል ቢመስልም የአሽከርካሪውን ሕይወት የሚነካ ነው።

የስፖርት መቀመጫ በጎንና በጎን ከፍ ያሉ መደገፊያዎች ያሉት ሲሆን፣ መኪናው ሲታጠፍ የአሽከርካሪው አካል እንዳይንሸራተት አጥብቆ ይይዛል። በሁለት ዓይነት ይሠራል፤ አንደኛው የጀርባ መደገፊያው ወደ ኋላ የሚጋደም፣ ሁለተኛው ደግሞ መቀመጫውና መደገፊያው አንድ ወጥ የሆነ ነው። ወጥ የሆነው ብዙ ጊዜ ቀጭን በመሆኑ ለረጅም ሰው የተሻለ ቦታ ይሰጣል።

አስቀድሞ መለካት

የስፖርት መቀመጫ ሁሉ ዝቅ ያለ ነው ማለት አይደለም። የስፖንጁ፣ የሐዲዱና የማያያዣ ብረቱ ውፍረት ሲደመር ከፋብሪካው መቀመጫ ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ከመኪናው ወለል እስከ ጣሪያ፣ ከዚያም አሽከርካሪው ተቀምጦ ከመቀመጫው እስከ አናቱ ያለው ርቀት ይለካል። ወገበ ረጅም ሰው መቀመጫው ዝቅ እንዲልለት፣ እግረ ረጅም ሰው ግን ወደ ኋላ እንዲርቅለትና ጭኑን በሚገባ እንዲደግፍለት ይፈልጋል። የትከሻ ስፋትም መዘንጋት የለበትም። የጭንቅላት መደገፊያው ጫፍ እስከ አናት ካልደረሰ፣ መኪናው ከኋላ በሚገጭበት ጊዜ አንገት ለከባድ ጉዳት ይጋለጣል።

የአየር ከረጢትና ቀበቶ

በበርካታ ዘመናዊ መኪኖች የጎን የአየር ከረጢት የሚገኘው በመቀመጫው ውስጥ ነው። መቀመጫው ሲወጣ ይህ መከላከያ አብሮ ይወጣል፤ በዳሽቦርዱ ላይም የማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል። መብራቱን ብቻ ለማጥፋት ሽቦውን በሬዚስተር ማታለል የጠፋውን ጥበቃ አይመልስም። መካኒኩም ከመቀመጫው ሥር ያለውን ቢጫ ማያያዣ ከመንካቱ በፊት ባትሪውን አላቅቆ የመኪናው መመሪያ የሚያዝዘውን ያህል ደቂቃ መጠበቅ ይኖርበታል።

የቀበቶው መቆለፊያም ብዙ ጊዜ ከመቀመጫው ጋር የታሰረ ነው። አዲሱ መቀመጫ ለዚህ የተዘጋጀ ጠንካራ ማሰሪያ ሊኖረው ይገባል። ቀበቶው በዳሌ አጥንት ላይ ማረፍ ሲኖርበት፣ የመቀመጫው ጎን ከፍ አድርጎ ሆድ ላይ ካሳረፈው በግጭት ጊዜ የውስጥ አካልን ይጎዳል። ለውድድር የሚያገለግለውን ባለ አራት ነጥብ ቀበቶ በተራ መኪና መጠቀምም አደገኛ ነው፤ መኪናው ተገልብጦ ጣሪያው ሲጨፈለቅ አካልን ቀጥ አድርጎ ስለሚይዝ፣ ረጅሙን ሰው ይበልጥ ለአደጋ ይዳርገዋል።

ማያያዣው

በተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ መሠረት የመኪና መቀመጫ ከመሬት ስበት 20 እጥፍ የሚሆን ንቅናቄ መቋቋም አለበት። ይህም ማለት 20 ኪሎ ግራም የሚመዝን መቀመጫ ብቻውን የ400 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ኃይል ማያያዣዎቹን ይጎትታል። የቀበቶው መቆለፊያ ከመቀመጫው ጋር ከታሰረ የአሽከርካሪው ክብደትም ይጨመርበታል። ስለሆነም በጋራዥ በግምት የተበየደ ብረት ሳይሆን ለመኪናው ሞዴል የተሠራ ማያያዣ መጠቀም፣ ብሎኖቹንም በተገቢው ኃይል ማጥበቅ ያስፈልጋል።

ከተገጠመ በኋላ አሽከርካሪው ቁጭ ብሎ መፈተሽ አለበት። የፍሪሲዮን ፔዳል እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ጉልበቱ ትንሽ መታጠፍ፣ ደረቱም ከመሪው መካከል ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር መራቅ ይኖርበታል።

መቀመጫ ከመቀየር በፊት የመሪውን ከፍታና የመደገፊያውን ዝንባሌ ማስተካከል ወይም የፋብሪካውን ስፖንጅ በባለሙያ ማሳነስ መሞከር ተገቢ ነው። እነዚህ ችግሩን ከፈቱት የአየር ከረጢቱም ሆነ ቀበቶው እንደነበሩ ይቆያሉ።